ድምፅ ያልነበረው ቤት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ውሻው አላሳልፍ አላት። ማሕሌት ላፕቶፑን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጣ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቱን እስከ መንገዱ ድረስ አባረራት። ልጅቱ የምላት ስክሪኑ ውስጥ ያለችውን ነው። አረንጓዴ ሻርፕ ጠምጥማለች። ሰብለም እንዲህ ያለ ሻርፕ ነበራት።

ሰብለ ልጄ ናት። ማሕሌት ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ፣ ከአንድ ጫማ ሠሪ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጌም ሲሠሩ ኖሩ። ሰብለ ሥዕሉንና ድምፁን፣ ማሕሌት ኮድ የሚሉትን። ሰብለ ሐምሌ ላይ ሞተች። ኩላሊቷ ነው። ሰማንያዋ ባለፈው ወር ወጣ። ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ይጻፋል ብዬ አላስብም ነበር።

ማሕሌት የመጣችው ስለ ውሻው ልትጠይቀኝ ነው። ውሻው ያለበትን የጌሙን ክፍል ሰብለ ብቻዋን፣ ኮዱን ጭምር፣ ነው የሠራችው። ማሕሌት ፊደል በፊደል አይታዋለች፣ ስህተቱን ግን አላገኘችውም። ጌሙ እስከ ቅዳሜ አዲስ አበባ ለሚደረግ ትርኢት መላክ አለበት። ካልተላከ አራት ዓመታችን ሳጥን ውስጥ ቀረ ማለት ነው አለችኝ። ሰብለ ምናልባት አንድ ቀን ስለ ውሻው ነግራኝ ይሆናል ብላ ነው።

ምንም አልነገረችኝም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ለእኔ ጌም ማለት ትምህርት የጠሉ ልጆች የሚውሉበት ጌም ቤት ነበር። ዕድሜሽን ለመጫወቻ ሰጠሽ ብያታለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጅቱ ከጎንደር ተነሥታ ወደ እናቷ ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ከኮሶዬ ወዲያ ጭጋግ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ አንድ አጥርና አንድ ቤት ወጣ። ማሕሌት ቀጥ አድርጋ ወደ በሩ ነዳቻት።

"ምነው? የሰው ግቢ እንዲህ ዘው ይባላል?" አልኳት።

"እትዬ ይታይሽ፣ በሩ እኮ እዚያ ነው።"

"በሩማ አለ። ባለቤቱስ? አጥሩ ጋ አቁሚያት፤ እጅሽንም አንሺ።"

እጇን አነሣች። ልጅቱ አጥሩ ጥግ ቆመች። ውሻው ጮኸ፣ ጮኸ። ማሕሌት እጇ ያሳክካት ጀመር፣ ያዝኩት። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን እያጣፋ ወጣና ውሻውን በአንገቱ ያዘ። ቤት የእግዜር ነው፣ ግቢ አላት።

ማሕሌት ከተማ ነው ያደገችው። ሦስት ሳምንት ልታርመው የታገለችው ነገር ስህተት አልነበረም። ውሻ እስኪያዝ መቆም ነበር። መጀመሪያ ሳቀች። "አንቺ ተንኮለኛ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳትጽፊልኝ?" አለች፣ ለሰብለ። ከዚያ ፊቷን በላፕቶፑ ክዳን ሸፈነች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አራዳ ክፍላቸው ሄድኩ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የረገጥኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ ምሳ ላቀብል። ገብቼ አልተቀመጥኩም።

ዛሬ ተቀመጥኩ። ያየሁት ይህ ነው፦

ሁለት ወንበር፣ አንዱ እግሩ በጨርቅ የታሰረ።
መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ።
የሠርግ መጥሪያና የሱቅ ታፔላ ናሙና። በዚህ ነው የሚኖሩት፣ ጌሙ ገና አያበላም።
መብራት ሲጠፋ የተሣሉ የወረቀት ሥዕሎች፣ ሻማ የነጠበባቸው።
የእኔ ካልሲ።

ካልሲውን ሰብለ ድምፅ መቅጃው ማይክ ላይ አልብሳዋለች፤ ነፋስ እንዳይመታው ነው አለች ማሕሌት። አምና ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን የገለበጥኩበት ካልሲ ነው።

ሰብለ የቀዳችውን ድምፅ አሰማችኝ። የኮሶዬ ነፋስ። ገብስ ሲወቃ። አህያ ድንጋይ ላይ ስትራመድ። አንድ ቦታ ላይ ሰብለ ራሷ አለች፣ ስታስል። ማሕሌት ልታጠፋው እጇን ዘረጋች፣ ተዪው አልኳት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለጥቂት ጊዜ ያለሁት አራዳ አልነበረም።

ከዚያ የሰብለን ደብተር አወጣችልኝ። መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "የመጨረሻው ቤት። የእናትየዋ ድምፅ እማዬ ናት። ፍልሰታ ሲፈታ እጠይቃታለሁ።"

ፍልሰታ ሳይገባ ሄደች።

የመጨረሻው ቤት አምባ ጊዮርጊስ ያለው የአባቴ ቤት ነው። ልጅቱ ስትደርስ አንዲት ሴት ትወጣለች። አፏ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የላትም። ልትናገር የሚገባት ተጽፏል፦ "ልጄ፣ እንኳን በደህና ገባሽ።"

የሌላ ሰው ድምፅ አይሆንም ወይ አልኩ። ይሆናል አለች፣ አክስቴን መለመን እችላለሁ፤ ወይም ቤቱን እቆርጠዋለሁ፣ ጉዞው ከእሱ በፊት ባለው ቤት ያልቃል። ይህን ስትል ቀና ብላ አላየችኝም። እሞክራለሁ አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አልቻልኩም።

በመጀመሪያው ሙከራ ድምፅ አልወጣኝም። በሁለተኛው ማሕሌት ዜና ያነበቡ መሰለ እትዬ አለችና ሁለታችንም ሳቅን። ሦስተኛው ላይ "እንኳን" ብዬ ቀረሁ። ሰባት ጊዜ ሞከርን። ውኃ ሰጠችኝ።

ምክንያቱን አልነገርኳትም። እዚህ እጽፈዋለሁ። ሐምሌ ላይ አስከሬኗን ከሆስፒታል ሲያመጡት ደጅ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ያልኩት ነገር እንኳን በደህና ገባሽ አይደለም። አሁን ያችን ባለ አረንጓዴ ሻርፕ ሳያት አፌ ያን ቀን ያለውን ሊል ይመጣል።

ስምንተኛውን ልንሞክር ስንል መብራት ሄደ። ተገላገልኩ። ማሕሌት በጨለማው ውስጥ ግድ የለም፣ ነገ ለአክስቴ እደውላለሁ አለች። ደግ ልጅ ናት። ቅር ሲላት በጣቶቿ ጠረጴዛውን ታንኳኳለች። አንኳኳች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዓርብ ቀን ድረስ ታገሺኝ ብያት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ወንድሜ ዘንድ።

ኮሶዬ ላይ ደመናው ከመንገዱ በታች ተኝቶ ነበር። መስኮቱን በእጄ ጠረግሁ። ዳገቱ፣ ዛፎቹ፣ ጠርዙ ላይ የቆመችው በግ፣ ሁሉም ሰብለ በሣለችው ቦታ ነው ያለው። እሷ ከዚህ ወስዳ የሣለችው ነው ወይስ እሷ ስለሣለችው ነው እዚህ ያለው፣ ግራ ገባኝ። አንዲት ልጅ ሻርፕ ተከናንባ በመንገዱ ዳር ስትሄድ አየሁ። መኪናው አለፋት። ዞሬ አላየኋትም፣ ሌላ ሰው እንዳትሆን ፈርቼ።

አያ ሙላት እህል እያዘራ አገኘሁት። ታላቄ ነው፣ የአባታችን ቤት የእሱ ነው። በስልኬ የያዝኩትን የቤቱን ሥዕል አሳየሁት። አርቆ አየው፣ አቅርቦ አየው።

"ሸጋ ነው። ግን ጣራዬን ምነው አዘመመችው? አጎቷ የሚጠግን ሰው እንደሌለው ዓለም ይይ ብላ ነው?"

ዘሞ ነበር እኮ አልኩት። ታዲያ በሥዕሉ ብታቃናው ምን ይጎድልባት ነበር አለ። ብዙ ሳቀ፣ ከዚያ መንሹን አስቀምጦ ጭዱን ከዓይኑ ጠረገ። ዓይኑን ለመጥረግ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

ሁሉንም ነገርኩት። ቃሉ አልወጣ እንዳለኝ፣ ሰብለን እንኳን ደህና ገባሽ ማለት እንዳልቻልኩ።

"ደጅ የምትቆመዋ ሰብለ ናት?" አለኝ።

እሷን ትመስላለች እንጂ የሚያስኬዳት ጌሙን የሚጫወተው ሰው ነው አልኩት። ማንም ሊሆን ይችላል፣ የማናውቀው አገር ልጅም ቢሆን።

"እንግዲያ የሰው ልጅ ነው ደጅሽ የቆመው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ።" መንሹን መልሶ አነሣ። "እታለም፣ አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ፣ አውቃለሁ። ግን ለቅሶ ቤት ደጁ ተዘግቶ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም። ሐምሌ ላይ የእኔም ደጅ ቀንም ሌትም ክፍት ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ገብተዋል። የመጣ ሁሉ ገባ። ተቀመጡ የሚላቸው ሰው ነበር፣ እኔ አልነበርኩም እንጂ።

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ተመለስኩ። የቋጠረልኝን ባቄላ ሚኒባሱ ውስጥ ረሳሁት። እሱ እንዳይሰማ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ነጭ የለበሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ይወርዱ ነበር። ከመካከላቸው እኔ ጥቁር ለብሼ ወደ አራዳ ወጣሁ። ማሕሌትን በሚካኤል ሥራ ልታሠሪኝ ነው ስላት፣ መናገር ሥራ ነው ወይ አለችኝ።

የተጻፈውን አልልም አልኳት። እሺ አለች። ስክሪኑን እንድታዞርልኝ ለመንኳት፣ ልጅቱ እንዳትታየኝ። ብርድ ልብሱ ሥር ተቀመጥኩ፤ ካልሲዬን ከፊቴ አደረገችው። የመጣው ማን እንደሆነ አላውቅም ብዬ አሰብኩ። እግሩ ደክሟል። ውጭ ብርድ ነው።

"የማን ልጅ ነሽ? ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው።"

ወጣ። ድምፄ ወፍራም ነው፣ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ማሕሌት ከጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችው። ልድገመው ወይ ብላት አያስፈልግም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቆይታ ከታች የጫማ ሠሪው መዶሻ ገብቶበታል አለች፤ አንድ ጊዜ፣ "ልጄ" ከሚለው በኋላ። በዓል የማያውቅ ሰው። ላጥፋው ወይ? ይኑር አልን። ሰው ያለበት አገር ይመስላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። ማሕሌት ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ ይዤ የመጣሁትን ቀሚስ እዘመዝማለሁ፣ ምንም የምረዳት ነገር ስለሌለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌሙ ሄደ አለች። ከወንበሯ አልተነሣችም። ይቀበሉት እንደሆነ የሚታወቀው ከወር በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው ይልካል፣ ላይቀበሉትም ይችላሉ። እንደዚህ ነው ሥራችን አለች፣ አራት ዓመት ሠርተሽ አንድ ክብ ነገር ስትዞር ታያለሽ። ከዚያ የሠርግ መጥሪያ ከፈተች፣ ሰኞ የሚደርስ ነው።

የሠሩት ሰዎች ስም በሚዘረዘርበት ላይ እኔንም አስገብታኛለች። ሦስት ሰው ነን።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ማሕሌት ላፕቶፑን ትታልኝ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄደች፤ ነገ ጾም ስለሚገባ ቅበላ ነው። ወደፊት በዚህኛው፣ ወደ ኋላ በዚያኛው ብላ ቁልፎቹን አሳይታኛለች።

ከምሳ በኋላ ብቻዬን ጀመርኩ። ቀርፋፋ ነኝ። ሁለት ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ ወስጄ አቆምኳት። ቆም ብዬ ነፋሱን የሰማሁበት ቦታ አለ። ቸኩዬ አልነዳኋትም፣ ሰብለ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጇ ነው የሣለችው። አንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆና ወድቃ ጉልበቷን ያደማችበት ነው። መርጣ ነው ያስገባችው መሰለኝ። ወይም ድንጋይ ሁሉ ይመሳሰላል።

የመጨረሻው ቤት ደረስኩ። ሴትየዋ ወጣች። ድምፄ መጣ፦ የማን ልጅ ነሽ? ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው።

አላስገባኋትም። ከገባች ያልቃል ብላኛለች ማሕሌት።

እዚያው አቆምኳት። ስክሪኑ ውስጥ ፀሐይዋ ዝቅ አለች፣ የጣራው ጥላ እስከ እግሯ መጣ። በየጥቂቱ ድምፄ ይደግማል። ግቢ ልጄ፣ ብርድ ነው። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። ሻርፗን ነፋስ ያርገበግበዋል። የራሴ ድምፅ እየጠራት እኔ እጄን አጣምሬ ደጅ አቆይቻታለሁ። አፈርኩ።

ቁልፉን ተጫንኩት። ገባች። በሩ ገርበብ አለና ተዘጋ፣ በስንጥቁ የእሳት ብርሃን ታየ። ከዚያ ወዲያ ሥዕል የለም።

ጆሮዬን አቅርቤ ጠበቅሁ። ድምፄ እንደገና አልተጣራም። ለካ ከገባች አይጣራም።