ማሬ የምታየው ቁጥር

ኅዳር 4፣ ሰኞ

አዲሱን የስኳር መለኪያ ዛሬ ለጠፍኩ። ግራ ክንዴ ላይ፣ ከኋላ በኩል። አሮጌው ሲላቀቅ ቆዳዬን ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ስንቆርጥ ዋልን። ከሰዓት ስኳሬ መውረድ ሲጀምር የማሬ ስልክ ከኔ ቀድሞ ጮኸ። ጭማቂ ይዛ መጣች። "ጠጪ፣ ሳትወድቂብኝ" አለች። ቁጥሬ በሷም ስልክ እንዲታይ ያደረግኩት እኔው ነኝ። የጨርቅ መቁረጫ ቢላ ፊት ቆሞ የሚውል ሰው አንድ የሚያይለት ያስፈልገዋል።

ባሌ "ስኳር ይዞሽ ጓደኛሽን ማሬ ትያለሽ" እያለ ይስቅብኛል።

ጨርቅ የምንቆርጥበት የቅድ ክፍል ኃላፊ በዚህ ወር ጡረታ ይወጣሉ። ቦታው ያንቺ ነው ይሉኛል ሁሉም... እስቲ እናያለን።

ኅዳር 7፣ ሐሙስ

የድርጅቱ ባለቤት ጋሼ ቢሮ ተጠራሁ። ሹመቱ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካክዬ ገባሁ።

"ልጄ፣ ስለ ጤናሽ ሰግተናል።"

ስልካቸውን አሳዩኝ። የኔ ቁጥሮች። ስኳሬ የወረደባቸው ቀኖች ብቻ ተመርጠው፣ ቀይ ቀዩ ብቻ ፎቶ ተነስቶ።

"ከየት አገኙት?"

"ላንቺ ከሚያስብ ሰው ነው።"

ከኔ ሌላ ቁጥሬን የምታይ አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ከነገ ጀምሮ የሸሚዝ ቁልፍ ተከላ ላይ እቀመጣለሁ። የቅድ ክፍሉ ኃላፊ ማሬ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ማሬ "አይዞሽ፣ ለጊዜው ነው" ብላ አቀፈችኝ። አቀፍኳት። ምን ልበል? ብናገር ማልቀሴ ነው። እሷ ፊት አላለቅስም።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ባሌ "ለእግዜር ስጪው" አለኝ። እግዜር ሥራ ይበዛበታል አልኩት። እማዬ በስልክ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" አለችኝ።

እሺ... ጸሎቱን ተውኩት።

"ቁጥርሽን እስካሁን ለምን ታሳያታለሽ?" ይላል ባሌ። ትየኝ።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ። ነርሷ የሌሊቱን መስመር እያየች "እዚህ ጋ ክንድሽ ላይ ተኝተሽበታል" አለች። መለኪያው ሲጫኑት ያልወረደውን ወርዷል ይላል። "እንዳትደነግጪ። ጣትሽን ወግተሽ አረጋግጪ።"

አልደነገጥኩም። ወደ ቤት ስመለስ ግን ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ዛሬ አደረግኩት።

ጋሼ ትልልቅ ገዢዎች ጠርተው ነበር። አስረጂዋ ማሬ። ሐሳቤ ቀላል ነው፦ ስልኳ በስብሰባው መሃል ይጮሃል፣ እንግዶቹ ይጠይቃሉ፣ የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል። በቃ፣ ማፈሯን ማየት።

የጨርቅ መጋዘን ገብቼ ጥቅሎቹ ላይ በግራ ክንዴ ተጋደምኩ። ክብደቴን ሁሉ ለቀቅኩበት። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ... 84... 61... 48። ስልኬ ጮኸ። ጣቴን ወጋሁ። 118። ደህና ነኝ።

የስብሰባው ክፍል ግድግዳው መስታወት ነው፤ ከተጋደምኩበት ይታየኛል። ማሬ ስልኳን አነሳች። አነበበች። ቀና ብላ በመስታወቱ ቁልፍ ተከላ ጋ ያለውን ባዶ ወንበሬን አየች። ከዚያ ድምፁን አጠፋችና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ንግግሯን ቀጠለች።

ክንዴን አላነሳሁም። እንደገና ጮኸ። እንደገና አጠፋችው።

ትመጣለች ብዬ ነበር እንዴ? እኔ እንጃ። የሄድኩት ማፈሯን ለማየት ነው። ግን ኮቴ እየጠበቅኩ ነበር...

ማንም አልመጣም።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ሳልጠራ ጋሼ ቢሮ ገባሁ።

"ዓርብ ስብሰባው ላይ የማሬ ስልክ ሲጮህ ሰምተዋል?"

"ሁለቴ። ልጇ የደወለች መስሎኝ።"

"እኔ ነበርኩ።" የዓርቡን ቀይ መስመር አሳየኋቸው። "የላከችልዎ ፎቶም ቀዩ ላይ ይቆማል። እስቲ ከቀዩ በኋላ ያለውን ይዩ።" እያንዳንዱን ቀን ከፈትኩላቸው። ወርዷል፣ ጠጥቻለሁ፣ ተመልሷል። አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም።

ማሬን አስጠሯት።

"አይተሽ ነው ያጠፋሽው?" አሏት።

"እንግዶች ስለነበሩ..."

"ስለ እሷ ሰግቼ ነው ብለሽኝ ነበር።"

ጫማዋን ታያለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ክንዴ በልዟል። አያመኝም።

ኅዳር 25፣ ሰኞ

ቅድ ክፍል ተመለስኩ፣ በኃላፊነት። ማሬ ቁልፍ ትተክላለች።

መውጫ ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። "ይቅር በይኝ። ቦታውን ፈልጌ ነው። ያን ቀን ግን... ብትሞቺ ኖሮስ? ስተኛ ያ ቁጥር ይታየኛል። እንቅልፍ አጣሁ።"

ውሸት ነበር፣ ደህና ነበርኩ ብላት ዛሬውኑ ትተኛ ነበር። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቷል።

"ይመሽብኛል" ብዬ አለፍኳት።

ቁጥሬን አሁን የሚያይልኝ ባሌ ነው። ራት ላይ ስልኩን እያየ "ዛሬ መስመሩ ቀጥ ብሎ ዋለ፣ ምን ተገኘ?" አለኝ።

ሥራው ተስማማኝ አልኩት።