ባትሪ የሌለው ካርድ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ የግዥ ኮሚቴው ስካን የተደረጉ ሰነዶች ለሚቀመጡበት የመዝገብ ቤቱ ሰርቨር ኮንትሮለር ካርድ መረጠ። የሰርቨሩን ስምንት ዲስኮች አንድ ላይ የሚያስተዳድረው ይህ ካርድ ነው። ሁለት ዓይነት ቀርቦልን ነበር። አንዱ መብራት ድንገት ሲጠፋ ገና ተጽፎ ያላለቀውን መረጃ ይዞ የሚያቆይ ባትሪ አለው። ሌላው የለውም፤ ዋጋው ግን ያንሳል።

ባትሪ ያለው ይሻላል ብዬ ተከራከርኩ። ሰብሳቢው አቶ ዳና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"እህቴ፣ ባትሪ የሚል የት አለ? መስፈርቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

የለም። በመስፈርት ላይ የፋብሪካ ስም መጥቀስ ክልክል ስለሆነ፣ ስሙ ያለበትን መስመር ሁሉ ስሰርዝ ባትሪውንም አብሬ ሰርዤዋለሁ።

"አሁን ብንጨምር ኦዲተር ይጠይቀናል። ሁለቱም ካሟሉ ያሸነፈው ርካሹ ነው" አሉ። ልክ ናቸው። ቃለ ጉባኤውን ፈረምኩ። መሥሪያ ቤታችን ባለበት ሲቀላ መብራት በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ስወጣ ከኦቾሎ የመጡ አንድ አባት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አምና የመሬት ደብተራቸውን ስካን አድርጌላቸው ነበር።

"ልጄ፣ ደብተሩን ምስጥ በላብኝ። እናንተ ጋ አለ አይደል?"

"አለ፣ አባቴ።"

ትንሽ አሰቡና፣ "መብራት ሲሄድስ?" አሉኝ።

ኮሚቴው ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"ምንም አይሆንም" አልኳቸው። አመኑኝ። መርቀውኝ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።