ቤድፎርድ የሄደው ምድጃ

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 31፣ ምሳ ሰዓት

የጋዙ ቢል ገባ። የመብራቱም። ሥራዬ ያው ነው፤ የመኪና ዕቃ የሚሠራው ፋብሪካችን ምን ያህል ካርቦን እንደለቀቀ ከቢል ላይ መልቀም። ፋብሪካውን አይቼው አላውቅም። ኧርቪንግ ከተማ ቢሮ ተቀምጬ ጭስ እቆጥራለሁ። ደብተሬ፣ ሳቂ።

ግን ደስ ብሎኛል። ዕቃችንን ለሚገዛው መኪና አምራች ቃል የገባነውን የልቀት ቅነሳ ግብ አልፈናል። አለቃዬ ሊንዳ በሚቀጥለው ዓርብ የሚላከው ሪፖርት ላይ አዘጋጇ ሳምራዊት ተብሎ ይጻፍ አለች። የደረጃ እድገቱም በዚያው ይመጣል። አንገቴ ላይ ካንጠለጠልኩት ባጅ ሌላ ስሜ የትም ተጽፎ አያውቅም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2፣ ከቤ/ክ መልስ

ዛሬ ቆሜ መሰከርኩ። ማይክ ይዤ። ጌታ በሥራዬ ሞገስ ሰጠኝ፣ ጭሱ ቀነሰ አልኩ። እልልታ። ቪዲዮውን ወዲያው ዩቱብ ላይ ጫኑት።

ከዚያ ወንድም ታደሰ መጣ። አምና ዲቪ ደርሶት ከሐዋሳ የመጣው፣ ቤድፎርድ ከተማ አንዲት ትንሽ የብረት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው። እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። «እኅት ሳምሪ፣ የእናንተ ብረት ማጠንከሪያ ምድጃ እኮ ባለፈው ሰመር ተጭኖ እኛ ጋ መጣ። ማለቴ፣ እኔ የተቀጠርኩት በሱ ነው። ደብል ሺፍት ነው የምናነደው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

አሜን አልኩ። ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን ፈልጌ አጣኋት፤ ፊት ለፊቴ ቆማ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3፣ ከሰዓት

ቢሎቹን እንደገና አየሁ። ጋዙ የወረደው በሰመር፣ ልክ ምድጃው በሄደበት ጊዜ። የሪፖርቱ ቅጽ ላይ «ምክንያት» የሚል ሳጥን አለ። ያኔ ፋብሪካውን በኢሜይል ጠይቄ መልስ ሲጠፋ «የኃይል ቁጠባ» ብዬ ሞላሁት። እኔው። ማንም አላስገደደኝም። ባዶ ሳጥን ሳይ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ።

ሊንዳን ጠየቅኳት። የምድጃውን ነገር ታውቃለች። ረጋ ብላ አስረዳችኝ፤ የምንቆጥረው በግቢያችን የሚነደውን ነው፣ የነሱን እነሱ ይቁጠሩ። እነሱ ደግሞ ትንሽ ስለሆኑ ቁጠሩ ያላቸው የለም። ታዲያ ጭሱ የማነው? ብረቱ ያው የኛ፤ ቤድፎርድ ሄዶ ይጠነክርና ይመለሳል፣ ያውም በከባድ መኪና። ሊንዳ ደግሞ ደህና ሰው ናት። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5፣ ጧት

ግራ የገባው ጸሎት ጸለይኩ። እኔ ምድጃው ስለሄደ አመሰገንኩ፣ ታደሰ ስለመጣለት ያመሰግናል። ምድጃው አንድ። እ/ር የማናችንን ምስጋና ይቀበል?

መጋቢ ጋ ደወልኩ። የካርቦኑ ነገር ብዙም አልገባቸውም። ዋሽተሻል ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኩ።

እማዬ ደግሞ ቪዲዮውን አይታ ከአዲስ አበባ ደወለች። ደስ ብሏት አለቀሰች። ጭሱን ሌላ ሰፈር ነው የላክነው ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6፣ ረፋድ 5 ሰዓት

ሊንዳን ስሜን ከሪፖርቱ አውጪልኝ አልኳት። ኦኬ አለች። እንዲሁ፣ ሳታቅማማ። እዚያው እያየሁ አጠፋችው።

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ሪፖርቱ ያው ነው። «የኃይል ቁጠባ» እዚያው ተቀምጧል፣ የጻፈችው ሴትዮ ብቻ የለችም። ተናደድኩ፤ በሊንዳ ይሁን በራሴ አልለየሁም። ምሳ አልበላም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ ከሰዓት

ስሜን መልሼ ጻፍኩ። ቁጥሩን አልነካሁም፣ ደንቡ ከፈቀደ ይፍቀድ። ሳጥኑ ውስጥ ግን ምድጃው ወደ ሌላ ፋብሪካ መዛወሩን፣ አሁንም ለኛው ብረት እንደሚነድ፣ የቀድሞውን ምክንያት ሳላጣራ የሞላሁት እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ለመኪና አምራቹ ላክሁ። ግልባጭ ለሊንዳ።

ሊንዳ አነበበች። ቀና ብላ አየችኝና በሯን ዘጋች። እድገቱ እንደቀረ ገብቶኛል። የጨነቀኝ እሱ አይደለም። አምራቹ ምድጃውን አንሱ ቢልስ? ታደሰ ከሌላ ሰው መስማት የለበትም ብዬ ደወልኩለት። ነገርኩት። ከኋላው የማሽን ድምፅ ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «የኔን ስም ጽፈሻል ወይ?» አልጻፍኩም አልኩ። ኦኬ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው። እኅት አላለኝም።

ልክ ሠራሁ? አሁንም አላውቅም። እሑድ ግን ማይኩን እጠይቃለሁ፣ ያልኩትን ቆሜ አርማለሁ። ይህን ወስኛለሁ። ታደሰ ያን ቀን ካልመጣ ግን ለማን ነው የማርመው?