ቁጥሮቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ

ባሌ ሰይዶዬ፣

ጎረቤታችን መዲና ጉልበቷ ተሽሏታል፤ አሁን ያለ ከዘራ መስጊድ ትደርሳለች፣ አልሐምዱሊላህ። ልጇ ዘሃራም አገባች። ባሏ እዚሁ ማዮ ሰፈራችን ረክሻ፣ ያገራችንን ባጃጅ፣ የሚነዳ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ብታየው ትወደው ነበር። ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩህ ወሬ አጥቼ አይደለም። አፍሬህ ነው።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሪያድ ሰፈር የምሠራላቸው ማዳም አሮጌ ሶላር ሰጥተውኝ ጣሪያው ላይ አሰቅያለሁ። ላፕቶፕህን በሻሽ ሸፍኜ አስቀምጬው ነበር። ዘሃራ ግን በሰርጌ የሰይዶ ሙዚቃ ካልተጫወተ ከቤት አልወጣም አለች። በደስታ ከፈትኩት።

ጁምዓ ከሰዓት አንዱን ማዳመጫ በእኔ ጆሮ፣ አንዱን በራስህ አድርገህ በየሰርጉ የምታጫውተውን ያንን ቴክ ሀውስህን ስታሰማኝ ትዝ ይልሃል? ዘፋኝ የሌለው ዘፈን፣ ወፍጮ ቤት አስገባኸኝ እኮ እያልኩ እስቅብህ ነበር። አንተ መች ትቆጣለህ! ጉልበቴን መታ መታ እያደረግህ ምቱን ታስቆጥረኛለህ። አንዱ በደቂቃ መቶ ሃያ አራት ይመታል፣ ሌላው መቶ ሃያ ስምንት፤ ሳታስተካክይ ካገናኘሻቸው ይረጋገጣሉ ትለኛለህ። ቅኝቱም አለ፤ ስምንት ኤ ከዘጠኝ ኤ ጋር ይስማማል፣ ከሦስት ኤ ጋር ይጣላል። ከዚያ ደግሞ ግለቱ፤ ሰው እየበላ ሳለ ሦስት፣ ትከሻ ሲነቃነቅ አምስት፣ ዘጠኝን ሙሽራዋ እስክትነሳ መያዝ። ጆሮዬ አንተ ጋ ነበር፣ ልቤ ግን ድስቱ ላይ።

ላፕቶፑን ስከፍት ታዲያ በእያንዳንዱ ሙዚቃ ስም ፊት ሦስት ሦስት ቁጥር ተደርድሯል። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሙዚቃ ስታስገለብጥ ሻጩ የለጠፈብህ መሰለኝ። ለሰርግ የሚሄድ ነገር ንጹሕ ይሁን ብዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አንድ በአንድ አጠፋሁት። ስሞቹን ብቻ አስቀርቼ በፍላሽ፣ በሰርጉ ለሚያጫውተው ለጓደኛህ ለጀማል ሰጠሁት። ደግሞ ኮርቼ!

ሰርጉ በቀን ነበር። የጀማል ማጫወቻ ስም ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ቁጥሮቹን ቢፈልግ የሉም። በግምት አገናኛቸው። ቀስ ያለው ላይ ፈጣኑ ወጣበት፣ ቅኝታቸው ተጣላ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ እንደሚጮህ ሆነ። ዘሃራ መሃል ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ ሴቶቹ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ያኔ ጀማል እኔ ወዳለሁበት መጥቶ፣ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ቁጥሮቹ የት ሄዱ? ሰይዶ ያለ ቁጥር አንድም አያስቀምጥም እኮ አለኝ።

ያኔ ገባኝ፤ ያጠፋሁት ያን ሁሉ ዓመት ቁጭ ብለህ በጆሮህ እየለካህ የጻፍከውን ምት፣ ቅኝትና ግለት ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔም አፌን ሞልቼ፣ እሱ ራሱ እንዲህ አዝረክርኮ ነው የተዋቸው፣ መጨረሻ ላይ ታክቶት ነበር አልኩ።

አንተን! መልስ መስጠት የማትችለውን! ጀማል አንገቱን ደፋ። መዲና ነፍሱን ይማረው፣ ታሞ ነው እንጂ እንዲህ አልነበረም ብላ ልትሸፍንልህ ሞከረች። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልህ።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ማዳመጫውን አድርጌ እቆጥራለሁ። ምቱን እይዘዋለሁ፤ ግለቱንም እግሬ ይነግረኛል። ቅኝቱን ግን አልችልበትም፤ ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ። እስካሁን አሥራ አንድ ብቻ ነው የጨረስኩት። ኢንሻአላህ የቀሩትንም እጨርሳለሁ። እኔ እስካለሁ ድረስ አንተን አዝረክራኪ የሚል ሰው ፊቴ አይቆምም፤ አስቀድሜ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እናገራለሁ።

ጀመርኩም። ትናንት ጀማል ቤት ሄጄ ነገርኩት። እኔ እኮ አምኜሽ ተቀይሜው ነበር አለኝ፤ ቅኝቱን እሱ ሊያወጣልኝ ተስማማ። ዛሬ ደግሞ መዲናና ዘሃራ መጡ። እያለቀስኩ አወጣሁት፣ አፉ በሉኝ አልኳቸው። ዘሃራ አቀፈችኝ። መዲና ግን ታውቃታለህ፣ አትሸነግልም፤ እኛ ያጣነው የአንድ ቀን ጭፈራ ነው፣ ስሙ የጠፋው የሱ ነው፣ ያላ፣ ሂጂና ይቅርታውን እሱን ጠይቂ አለችኝ።