ጉና ላይ ያልበሰለው ባቄላ

እኔ ወይዘሮ ትርንጎ ማሩ፣ የታሪክ ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ የደብረ ታቦር ነዋሪ፣ ዛሬ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም. በመኖሪያ ቤቴ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ኑዛዜ ሰጥቻለሁ። ሰኞ ሐኪሞች ልቤን ሊከፍቱት ነው፤ አእምሮዬን ግን የነካው የለም፤ ምላሴንም እንደምታዩት። ያስገደደኝ የለም። ደስ ብሎኝ ስለምናገር ጸሐፊው አንዱአምላክ አያሳጥርብኝ።

አንደኛ፤ ቤቴ ከነመጻሕፍቱ ለልጄ ለትሕትና ይሁን። ልጄ፣ ባለሱቋ ዙበይዳ ብትለምንሽም አንዲት ቅጠል ለስኳር መጠቅለያ እንዳትሰጪ።

ሁለተኛ፤ «እሳት ያልፈታው» ስለተባለው መጽሐፌ። እኔ በእጄ ያልሞከርሁትን በብዕሬ አልጽፍም። በሰባተኛው ምዕራፍ ጉና አናት ላይ የሰፈረ ጦር ባቄላው አልበስል ብሎት በረሃብ ይበተናል። አሳታሚው «ይህ ተረት ይውጣ» አለ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አምላኩም ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ «አንቺ ልጅ፣ ጦር በጦር ይሸነፋል እንጂ በባቄላ ይሸነፋል?» እያሉ አሳቁብኝ።

«ጋሼ፣ ይነሡ፤ ወጥተን እንቀቅል!» አልኋቸው።

እንጨቱን በጎረቤቴ በሙሉሐብት በቅሎ ጭነን ጉና ወጣን። ከዙበይዳ የገዛሁት ድስት ከጠዋት እስከ ማታ ተንተከተከ። የፊዚክስ መምህሩ ይርዳው፣ «ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው ብዙ ሳይግል ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት አይግልም» ብለው አስረዱ። ጋሼ አላመኑም። ራሳቸው አንዷን ፍሬ አንሥተው ነከሱ። ጉንጫቸውን ይዘው ተፏት። ከዚያው ስልቻ የተዘገነው ባቄላ ዝቅ ካለው እብናት ላይ ለምሳ ደርሷል! መጽሐፌም ከነምዕራፉ ታትሞ፣ እልል በሉልኝ፣ ተሸጦ አልቋል። ጋሼ ግን እስከ ዛሬ «ተሳስቻለሁ» አላሉም።

አሁን ዳግም ሊታተም ሲል አሳታሚው ያንኑ ምዕራፍ ቀንሱ ይላል። እኔ ከአልጋ ባልነሣ በቤተሰቡ ስም ከአሳታሚው ጋር የሚነጋገሩት ጋሼ ናቸው። ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው፤ ሰባተኛውን ምዕራፍ የሚያስቆርጥ ወራሼ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ከጉና ሥር ያለውን ባሕር ዛፌን ለጋሼ ልሰጥ አስቤ ነበር። አንዱአምላክ ግን «በኑዛዜ ላይ የመሰከረ አይወርስም» አለኝ። ስለዚህ አሁን በፊታችሁ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ባሕር ዛፉን ይወርሳሉ ወይስ እዚህ ፈርመው ለባቄላዬ ይመሰክራሉ?»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ በቁምሽም በሞትሽም አታሳርፊኝም!» አሉ። ደጁን አዩ፣ ጣራውን አዩ። «ብዕሩን ወዲህ በይ።»

ይኸው፣ ሰኞ ምን ቢመጣ አሸንፌያለሁ! ባሕር ዛፉም ለትሕትና ይሁን። ድስቱ መምህር ይርዳው ለሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ይሰጥ፤ ጥላሸቱን ማንም እንዳያጥበው።

ተነብቦልኝ ቃሌ ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ። ትርንጎ ማሩ (ፊርማ)

ስትናገር ሰምተን፣ ሲነበብም አብረን የነበርን ምስክሮች፦
ዙበይዳ የሱፍ (ፊርማ)
መምህር ይርዳው ትእዛዝ (ፊርማ)
ሙሉሐብት ዘነበ (የጣት አሻራ)
አምላኩ ማሩ (ፊርማ)፤ በገዛ እጄ የጨመርሁት፦ ጉና ላይ ነበርሁ። ነክሼዋለሁ። አልበሰለም።