ለሁሉም ስምንት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ዛሬ ራሴን ተጸየፍኩት። ሥዕል ለዘጠነኛ ክፍል ግዴታ ይሁን ብዬ በመምህራን ስብሰባ ላይ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። የሒሳቡ መምህር «ማትሪክ ላይ ለማይመጣ ነገር!» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ቢሆንም ግዴታ ሆነ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ «ሰፈራችሁን ሳሉ» የሚል ነበር። ክፍሉ ያመጣልኝ ጽጌረዳ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ የጤዛዋ ጠብታ እንኳ ሳትቀር። ታይዋን ገበያ ያለ አንድ ባለሱቅ እያሳለ ይሸጥላቸዋል አሉ። የራሷን የሳለችው ሃናን ብቻ ናት፦ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ፣ አሸዋው ላይ ፌስታል የምታኝክ ፍየል። የፍየሏ እግር አምስት ይመስላል፤ ግን በእውነት ታኝካለች።

ለጽጌረዳዎቹ ዜሮ ብሰጥ ወላጅ ይመጣል፣ ያ የሒሳብ ሰውዬም «አላልኳችሁም?» ይላል። ለሃናን አሥር ብሰጣት የቀሩት ለምን ይሉኛል። ስለዚህ ለሁሉም ስምንት ሰጠሁ። ለእሷም።

ወረቀቱን ስመልስላት ከጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ ማርክ አየት አደረገችና «አቦ ቲቸር፣ እኔም ብገዛ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ተቆጥታ እንኳ አይደለም።

የሒሳቡ መምህር ሥዕልን እንዲህ አላዋረደውም።