ሃያ ሁለተኛው ድል

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን

ለግራኙ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ የዚያን አገር ብርድ ቻለው? ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ተዘግቶ ነበር፤ ደህና ነኝ ብለህ ቶሎ ዘጋኸው እንጂ እኔስ ሰምቼዋለሁ። እኛ አለን። አባትህ ወገቤን ከማለት በቀር ደህና ነው። የብየዳ ቤቱን ዝጋ፣ ዓይንህ ይጠፋል ስለው «ከጠፋ በጆሮዬ እበይዳለሁ» ይለኛል። እኔም ስፌቱን አልተውኩም፤ ክር በመርፌ የሚያስገባልኝ ሰው መለመን ጀመርኩ እንጂ።

ቅዳሜ ሽልማትህን ተቀበልኩልህ።

የክልሉ የስፖርት የክብር አዳራሽ ሰዎች የደወሉልኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። «የቦክሰኛው እናት ነዎት?» አለችኝ አንዲት ልጅ። ሁለት ቦክሰኛ ነው ያሳደግኩት፤ የትኛው ልበላት? ከዚያ ያንተን ስም ጠራች። መምጣት አልችልም ብለሃቸው፣ ቤተሰብ ሲሉህ የእኔን ስልክ ሰጥተህ ኖሯል። «ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ» ማለትህንም ነገረችኝ። ልጄ፣ ይቺ ቃል አንጀቴን በላችው።

አባትህ አልሄድም አለ። «አንቺ ሂጂ፤ እኔ እዚያ ተቀምጬ ማጨብጨብ አልችልም» አለኝ። አንተን ተቀይሞ እንዳይመስልህ። ጋዜጣ ላይ የቦክስ ጓንት ካየ ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው፤ አሥራ አንድ ዓመቱ እንዲህ ሲያደርግ።

ዘንድሮ የተመረጣችሁት አራት ናችሁ። አንዲት የመረብ ኳስ አምበል የነበረች ሴትዮ፣ አንድ ብስክሌተኛ፣ አንድ የእግር ኳስ ዳኛና አንተ። ሴትዮዋ ከጎኔ ነበረች። ግድግዳው ላይ የሰቀሉላትን ፎቶ ስታየው ቆይታ «ይኸው፣ ሠላሳ ዓመት ኳስ መትቼ የተረፈኝ አፍንጫዬ ብቻ ነው» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። የሁላችሁም ፎቶ በትልቁ ተሠርቷል። አንተ ሰማያዊውን ቁምጣ ለብሰሃል። ያንተንና የወንድምህን ከአንድ ጨርቅ ነበር የቆረጥኩት፤ ያንተ ወገቡ ጠቦህ ሁለቴ ፈትቼዋለሁ።

ስምህ ሲጠራ ወጣሁ። የነሐስ ሰሌዳ አስታቀፉኝ፤ ይከብዳል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። አራት ዓመት በተከታታይ የክልሉ ሻምፒዮን፣ ሃያ ሦስት ግጥሚያ፣ ሃያ ሁለት ድል ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ፍጻሜ በኋላ ጓንት አላጠለቅህም፤ ስለዚህ ሃያ ሁለተኛው ወንድምህ ነው። በሦስተኛው ዙር በግራ እጅህ ምት ወድቆ በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ያረፈው ልጄ፣ ስሙ ሳይነሳ ቁጥር ሆኖ እጄ ላይ ነበር።

ሁለት ቃል ተናገሪ አሉኝ። «ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቤቴ መጣ። ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ከአንድ ሳህን በልቶ አደገ» ብዬ ወረድኩ። ሰው አጨበጨበ። ምን እንደገባቸው እንጃ።

ስወጣ በሩ ላይ አሠልጣኛችሁ ቆሟል። ያኔ «ልጁ ታሞ ነበር መሰል፤ ሳታጣራ አስገጠምከው» ብለው ከሥልጠና ካገዱት ወዲህ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኗል። አላስገቡትም ይሁን እሱ መግባት ፈርቶ አላውቅም። ሰሌዳውን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገና «እህቴ፣ አንድ ነገር ዕድሜ ልኬን ይበላኛል» አለኝ። «ልጁ ታሞ ከነበረ እንዴት ሳላይ ቀረሁ? ፊቱን አየዋለሁ፣ እግሩን አየዋለሁ። ምንም አልነገረኝም።»

«ለእኔ ነግሮኛል» አልኩት።

ግራኙ ልጄ፣ እስኪ ቁጭ በልና አንብበው። ከፍጻሜው ሦስት ቀን ቀድሞ ወንድምህ ከልምምድ ሲመለስ ግንባሩን ይዞ ገባ። ልምምድ ላይ ከሌላ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ነበር። መብራቱን አጥፊልኝ አለ፤ አስመለሰው። ለአሠልጣኙ ልንገረው ስለው እጄን ይዞ «ያወጡኛል፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው፤ እባክሽ» አለኝ። ክኒን ሰጠሁትና ዝም አልኩ። አንተ ያን ሳምንት አክስትህ ጋ ስለነበርክ አላየህም። ሆስፒታል ሐኪሙ «ከዚያ በፊት ራሴን ያለበት ቀን ነበር?» ብሎ ሲጠይቀን አባትህ ወደ እኔ ዞረ። እኔ «የለም» አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም የማያውቀኝ ከተማ ሄጄ፣ የጎረቤት ልጅ ጉዳይ አስመስዬ ሌላ ሐኪም ጠየቅሁ። «እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ግጥሚያ ማስገባት አልነበረባቸውም፤ ቀላል ምትም ይገድለዋል» አለኝ። ይህን ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየጊዜው ስትደውል ምላሴ ላይ ይመጣል፤ ደህና ነኝ ስትለኝ መልሼ እውጠዋለሁ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን የሄድክበት ቀን ነው። ሻንጣህን ይዘህ ደጃፉ ላይ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አልከኝ። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩህ። ይቅርታ መለመን ያለብኝ ሴት፣ እንደ ደግ ሰው ራስህን አሻሽቼ ሸኘሁህ።

አሠልጣኛችሁ ሰምቶኝ ሲያበቃ አልጮኸም። «አንድ ቃል እኮ ነበረች» አለኝና ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ አባትህ የመስኮት ፍርግርግ ይሞርዳል። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሞረዱን አስቀመጠ። «ሐኪሙ ሲጠይቅ ወደ አንቺ የዞርኩት ለምን ይመስልሻል?» አለኝ። «ክኒኑን ከቱታው ኪስ አግኝቼው ነበር። ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ዝም ስትይ ዝም አልኩ።»

አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ነገር ይዘን፣ አንዳችን ካንዳችን እየደበቅን አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። እሱ ነው መጀመሪያ ያለቀሰው። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ «እኛስ ሁለት ነበርን። እሱ በሰው አገር ብቻውን ተሸከመው። ጻፊለት» አለኝ።

ረቡዕ አብረን ፌዴሬሽኑ ቢሮ ሄደን ለአሠልጣኛችሁ በጽሑፍ እንመሰክራለን። ሰው ምን ይል ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ፤ ይበል። ሰሌዳህን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ላክልኝ ካልክ እልካለሁ፣ ማየት አልፈልግም ካልክም ይገባኛል።

ና አልልህም፤ ና የማለት አፍ የለኝም። ብትቆጣ መብትህ ነው፤ ባትጽፍም አልቀየምህም። ብቻ ከዛሬ ጀምሮ ስትተኛ የእኔንም ድርሻ አብረህ አትታቀፍ። ፈጣሪ የሰላም እንቅልፍ ይስጥህ። ክፉ አይንካህ። እጆችህ ይባረኩ፤ ሁለቱም።

እናትህ ብዬ ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ተውኩት።

የወንድምህ እናት